የልጅ ሠርግ ፎቶ፦ ገንዘባችንን፣ ውላችንንና ሽማግሌዎቻችንን እንዴት እንጠብቅ?



ፔሳሕ አልፎ የሠርግ ጥሪ በየቤቱ መግባት ሲጀምር፣ እኛ በኩፓት ሖሊም የምንሠራ ነርሶች የምንጠየቀው ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ብቻ አይደለም። አንዱን ክንዳቸውን ለመለኪያው ዘርግተው በሌላው እጃቸው ከቦርሳ ወረቀት እያወጡ «ልጄ፣ እስቲ ይህን አንብቢልኝ፤ ምን ላይ ነው የፈረምነው?» የሚሉን እናቶችና አባቶች ጥቂት አይደሉም። ወረቀቱ አንዳንዴ የአዳራሽ፣ አንዳንዴ የዘፋኝ ነው። ከሁሉ ይልቅ ክርክር የሚያስነሳው ግን የፎቶ አንሺው ውል ነው። ምግቡ በዕለቱ ይበላል፣ ዘፈኑም በዕለቱ ይዘፈናል። ፎቶው ግን ሠርጉ ካለፈ ከወራት በኋላ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ገንዘቡ ቀድሞ ይሄዳል፣ ዕቃው ኋላ ይቀራል።

ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን በትንሽ ከተማ፣ በጸደይ ወቅት፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ስለሚያደርገው ሠርግ ፎቶ ነው። እኛ የሕግ ሰዎች አይደለንም፤ ሕጉን የምንጠቅሰው ማንኛውም ሸማች ሊያውቀው በሚገባው መጠን ነው። ከራሳችን ሙያ የምንጨምረውም አለን፤ በፎቶ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመው የሚደክሙት የኛው ሽማግሌዎች ናቸውና።

በጸደይ ቀኑ ለምን ይጣበባል?

ከፔሳሕ ሁለተኛ ቀን ጀምሮ እስከ ሻቩዖት 49 ቀን የዖሜር ቆጠራ ነው። በነዚህ ቀናት ውስጥ እንደየልማዱ ብዙዎች እስከ ላግ ባዖሜር፣ ማለትም እስከ ኢያር 18 ድረስ፣ አይዳሩም። ስለዚህ የጸደይ ሠርግ ሁሉ ከፔሳሕ በፊት ባሉት ሳምንቶች፣ በላግ ባዖሜርና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ላይ ይከመራል። በቴል አቪቭ አካባቢ ቢሆን ሌላ ፎቶ አንሺ ይገኛል። በደቡብ ባሉት እንደ ቂርያት ማላኺ፣ ኔቲቮት ወይም ኦፋቂም ባሉ ከተሞች ግን ሰው የሚያውቃቸውና የሚያምናቸው ፎቶ አንሺዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከመሃል አገር የሚመጣው ደግሞ የመንገድ ሊጨምር ይችላል።

ይህ መጣበብ ለሻጩ አንድ ጥሩ አባባል ይሰጠዋል፦ «ዛሬ ካልፈረማችሁ ነገ ቀኑ ይያዛል።» አንዳንዴ እውነት ነው፤ አንዳንዴ አይደለም። እውነት ቢሆንም እንኳ ወረቀቱን ቤት ወስዶ ለማንበብ አንድ ሌሊት መጠየቅ ነውር አይደለም። አንድ ሌሊት የማይሰጥ ሰው ሠርጉ ካለፈ በኋላ ስልክ ሲደወልለት ያነሣል ብለን አናምንም።

ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ዋጋውን ነው። ዋጋው አንድ መስመር ነው፤ የሚያጣላው ሌላው መስመር ነው። የሠርጉ ቀንና ቦታ፣ ፎቶ አንሺው የሚደርስበትና የሚሄድበት ሰዓት፣ ከዚያ ሰዓት ካለፈ ለአንድ ሰዓት ስንት እንደሚጨመር፣ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ቪዲዮ አብሮ መኖሩ፣ ማግኔት አብሮ መኖሩ፣ አልበሙ ስንት ገጽ እንደሆነ፣ ለሁለቱም ወላጆች አልበም ይሰጥ እንደሆነ፣ ፎቶዎቹ በስንት ቀን እንደሚደርሱ፤ ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ይስፈር።

የሚመጣው ሰው ስምም ይጻፍ። ለምን ቢባል፣ ናሙና ያሳየው ባለሙያ አንድ ሰው ሆኖ በሠርጉ ቀን የሚመጣው ሌላ የማናውቀው ወጣት የሆነበትን ሠርግ አይተናል። በወረቀቱ ላይ የድርጅቱ ስም ብቻ ስለነበር ቤተሰቡ የሚይዘው ነገር አልነበረውም። ፎቶ አንሺውም ሰው ነውና ሊታመም ይችላል፤ ከታመመ ማን እንደሚተካውና የተተኪው ሥራ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ይጠየቅ።

ሰዓትን በሚመለከት አንድ ነገር ለብቻው እንበል። ብዙ ሽማግሌዎቻችን ዛሬም የሚቆጥሩት በአገር ቤት ሰዓት ነው። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፎቶ አለ» ሲባል አንዱ 11:00 ይረዳል፣ ሌላው 17:00። በውሉ ላይ 17:00 ተብሎ ይጻፍ፤ ለአያቶች ስትነግሩ ግን «ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት» በሏቸው። ሙሽሪት በፀጉር ሠሪ ቤት ሳለች አያት ለብሰው፣ ምሳም ሳይበሉ፣ በራፍ ላይ ስድስት ሰዓት ሙሉ እንዲቀመጡ የሚያደርገው ይህች ትንሽ ነገር ናት።

አከፋፈሉን በተመለከተ ገንዘቡ ተከፋፍሎ ይከፈል፤ አንድ ክፍል ሲፈረም፣ አንድ ክፍል በሠርጉ ሰሞን፣ የመጨረሻው ክፍል ግን ፎቶውና አልበሙ እጃችን ሲገባ። የመጨረሻው ክፍል ትንሽ ቢሆንም ሥራው እንዲያልቅ የሚያስገድደው እሱ ነው። ለሸማች የሚነገር ዋጋ ማዓምን ጨምሮ መሆን እንዳለበት የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ያዛል። ማዓም ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ 18 በመቶ ስለሆነ፣ «ዋጋው 7,000 ሼቄል ነው፣ ማዓም ለብቻ» የሚል ሰው ከ1,200 በላይ ሼቄል ደብቆ ነው የሚናገረው።

ጥሬ ገንዘብም ሕግ አለው። ከ2022 ነሐሴ ጀምሮ፣ ከነጋዴ ጋር የሚደረግ ግዢ ወይም አገልግሎት ከ6,000 ሼቄል በላይ ከሆነ፣ በጥሬ ገንዘብ መክፈል የሚቻለው ከዋጋው 10 በመቶ ወይም 6,000 ሼቄል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ብቻ ነው። ለምሳሌ ውሉ 8,000 ሼቄል ቢሆን በጥሬ የሚከፈለው እስከ 800 ነው። የቀረው በካርድ፣ በባንክ ዝውውር ወይም በቼክ ይሆናል። «በጥሬ ክፈሉኝና ልቀንስላችሁ» የሚለው ሰው ደረሰኝ ላለመስጠት ነው፤ ደረሰኝ ከሌለ ደግሞ ነገ ክርክር ሲነሣ በእጃችን ምንም የለም።

መሰረዝ ይቻላል ወይ?

ይህ የሚወሰነው የተፈረመው እንዴት ነው በሚለው ነው። በስልክ ወይም በኢንተርኔት፣ ሳይተያዩ የተደረገ ስምምነት በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል፤ አገልግሎት ከሆነ ግን ከአገልግሎቱ ቀን ቢያንስ 2 የሥራ ቀናት ቀደም ብሎ መሆን አለበት። ሻጩ ሊይዝ የሚችለው የመሰረዣ ክፍያ 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። በ8,000 ሼቄል ውል 5 በመቶው 400 ስለሚሆን የሚከፈለው 100 ብቻ ነው ማለት ነው።

ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላ፣ አካል ጉዳተኛ የሆኑ፣ ወይም አገር ከገቡ 5 ዓመት ያልሞላቸው አዲስ ዖሌዎች ደግሞ፣ ስምምነቱ ከሻጩ ጋር በመነጋገር የተደረገ ከሆነ፣ ከ14 ቀን ይልቅ 4 ወር አላቸው። ይህን ብዙ ቤተሰብ አያውቅም። አባት በስልክ «እሺ» ብለው የካርድ ቁጥር ከሰጡ በኋላ ልጆቻቸው «አልቋል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም» ሲሏቸው ሰምተናል፤ ግን አላለቀም ነበር።

ሳይጠራ ቤታችን ድረስ መጥቶ የሚያስፈርም ሻጭ ላይም የ14 ቀን መብት አለ። ነገር ግን ራሳችን ወደ ፎቶ ቤቱ ሄደን፣ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ አልበም አገላብጠን፣ ቡናም ጠጥተን ከፈረምን፣ የርቀት ግዢ አይደለምና ይህ መብት የለንም። ያን ጊዜ የሚገዛን ውሉ ላይ የተጻፈው የስረዛ አንቀጽ ነው። እሱንም ለዚህ ነው ከዋጋው በፊት አንብቡ የምንለው።

ፎቶው የማን ነው?

እዚህ ላይ የምሥራች አለ። በእስራኤል በ2007 የወጣው የቅጂ መብት ሕግ፣ ሰው ባዘዘው ሥራ ላይ በአብዛኛው መብቱን ለሠሪው ይሰጣል። ነገር ግን የታዘዘው ሥራ የሰው ምስል ወይም የቤተሰብ ዝግጅት ፎቶ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት እስካልተደረገ ድረስ፣ የመብቱ የመጀመሪያ ባለቤት ያዘዘው ሰው ነው። ሠርግ የቤተሰብ ዝግጅት ነው። ስለዚህ ፎቶውን በፈለግንበት ቦታ ማሳተም፣ ለዘመድ መላክ፣ ማሳደግ መብታችን ነው።

«ሌላ ስምምነት እስካልተደረገ ድረስ» የሚለው ቃል ላይ ግን ቆም እንበል። በብዙ ውል ታችኛው ክፍል፣ በትንሽ ፊደል፣ መብቱ ለፎቶ አንሺው እንደሆነና ፎቶዎቹን ለማስታወቂያ መጠቀም እንደሚችል የሚል መስመር ይገባል። አያታችን በነጠላ ተሸፍነው ሲያለቅሱ የሚያሳየው ፎቶ የአንድ ድርጅት ማስታወቂያ ሆኖ በፌስቡክ ቢወጣ ደስ ይለናል ወይ? ለአንዳንዱ ቤተሰብ ክብር ነው፣ ለሌላው ውርደት ነው። ከ1981 ጀምሮ ያለው የግላዊነት ጥበቃ ሕግ የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ለትርፍ መጠቀምን ይከለክላል፤ እኛ ራሳችን ፈርመን ፈቃድ ከሰጠን ግን መከራከሩ ይከብዳል። መስመሩን በእስክሪብቶ ሰርዞ፣ ሁለቱም ወገን አጠገቡ ፈርመው መቀጠል ይቻላል።

ዘመድ ፎቶ ሲያነሳ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በየቤተሰቡ ካሜራ የገዛ አንድ ልጅ አለ። ሠራዊት ጨርሶ በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛ፣ የሚያነሳውም የሚያምር። ሠርግ ሲደርስ «የአጎቱ ልጅ እያለ ለባዕድ ስምንት ሺህ ለምን ይከፈላል?» ይባላል። ልጁ እምቢ ማለት አይችልም፤ ዘመድ ነዋ። ገንዘብ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው።

እኛ የምናየው ውጤቱን ነው። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ሳይበላ ይቆማል። አክስት ትጠራዋለች፣ አጎት ይጠራዋል፣ ሁሉም «አንድ ብቻ» ይላል። በሑፓው ሰዓት ሁለት ታዳጊዎች ስልካቸውን ከፍ አድርገው ፊት ለፊቱ ይቆማሉ፤ ታላላቆቹ ስለሆኑ ዞር በሉ ሊላቸው አይደፍርም። ሙሽራው ብርጭቆውን ሲሰብር ካሜራው የያዘው የአንድ ሰው ማጅራት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ወቀሳው ዓመት ሙሉ አያልቅም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ ራሱ በአንድም ፎቶ ላይ የለም። ከአያቱ ጋር አልተነሳም፣ እስክስታ አልወረደም፣ የአጎቱን ልጅ ሠርግ በመስታወት ቀዳዳ ነው ያየው።

በእኛ ቤተሰብ በደቡብ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሠርግ በነበረ ጊዜ ሥራውን ከፋፈልነው። ለአዳራሹና ለሑፓው ባለሙያ ተቀጠረ፤ ከእሱ ጋር ሙሉ ውል ተፈረመ። ካሜራ ያለው ዘመዳችን ደግሞ ጠዋት በወላጆች ቤት የሚደረገውን ብቻ እንዲያነሳ ተነገረው፤ ከቀትር በኋላ ካሜራውን አስቀምጦ እንግዳ ሆነ። ይህ ክፍፍል በገንዘብም በመልክም የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ ብርጭቆ ሲሰበር መቼ እንደሆነ ያውቃል፤ ሙሽሪት የአባቷን ጉልበት ልትስም የምትንበረከክበትን ቅጽበት ግን አያውቅም። ምርቃቱ የሚጀምረው የትኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ እንደሆነ የሚያውቀው የቤት ልጅ ነው። ቀይና ነጩ ክር በሙሽራው ግንባር ላይ ሲታሰርም እንዲሁ። ባዕድ ሰው ይህን እንደ ጌጥ አይቶ አንድ ፎቶ አንስቶ ያልፋል።

ዘመድ ቢሆንም አጭር ወረቀት ይጻፍለት። ከየት ሰዓት እስከ የት ሰዓት እንደሚያነሳ፣ ስንት እንደሚከፈለው ወይም ስጦታው ምን እንደሆነ፣ ፎቶውን መቼ እንደሚሰጥ። ወረቀቱ እምነት ማጣት አይደለም፤ እንዲያውም ልጁን የሚጠብቀው እሱ ነው። አክስት ከምሽቱ ስትጠራው «እኔ እስከ ቀትር ነበር የተባልኩት» ለማለት ድፍረት ያገኛል። ከእህት ወይም ከወንድም አንዱ ደግሞ ጠሪ ይሁን፤ የቤተሰብ ፎቶ ስም ዝርዝር ይዞ «አሁን የእናት ወገን፣ አሁን የአባት ወገን» እያለ የሚያሰልፍ። ያንን ሥራ ፎቶ አንሺው እንዲሠራው መጠበቅ አይገባም፤ ሰባት ቤት ዘመድ ቆጥሮ ማን የማን እንደሆነ ከየት ያውቃል?

የነጠላውና የፊታችን ነገር

ካሜራ በራሱ ሲለካ ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ተደምሮ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ሙሽሪት ነጭ ለብሳ፣ እናቶች ነጭ ቀሚስና ነጠላ ለብሰው፣ ሜዳውም በጸደይ ፀሐይ ሲያበራ፣ ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉን ያጨልማል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊታችን ደግሞ ጥላ ሆኖ ይጠፋል። ማታ በአዳራሹ ጨለማ ውስጥ ተቃራኒው ይመጣል፤ ካሜራው አብዝቶ ያበራና የቀሚሱ ጥልፍ ሁሉ ታጥቦ ነጭ ጨርቅ ብቻ ይቀራል።

ይህ ችግር አሮጌ ነው። በፊልም ዘመን የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት ከኮዳክ ኩባንያ በሚላክ፣ ነጭ ሴት በምትታይበት «ሸርሊ ካርድ» በሚባል ምስል ነበር፤ ጠይም ፊት ለመለኪያ አልገባም ነበር። ዛሬ ካሜራው ተሻሽሏል። በጠይም ፊት ላይ መለካትን የማያውቅ ባለሙያ ግን አሁንም አለ።

ስለዚህ ናሙና ስንጠይቅ «የሚያምረውን አሳዩን» አንበል። «የኢትዮጵያውያን ሠርግ ያነሱትን፣ ነጭ ልብስ ያለበትን፣ አንዱን ከቀን አንዱን ከማታ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳዩን» እንበል። አሥር የተመረጡ ፎቶዎች ማንም አለው፤ የአንድ ሙሉ ሠርግ ፎቶ ግን እውነቱን ያሳያል። የሽማግሌዎቹ ዓይን ይታያል ወይ? የነጠላው ጥበብ ይታያል ወይ? በዕብራይስጥ ለመናገር ለሚቸገሩ ይህችን ዐረፍተ ነገር ይያዙ፦ «ሐሹቭ ላኑ ሼይርኡ ኤት ሀፓኒም»፤ ፊት እንዲታይ እንፈልጋለን ማለት ነው። ጥሩ ባለሙያ ወዲያው ይገባዋል፤ ፊት ላይ እንደሚለካና ሰዎቹን ከፀሐይ ወደ ጥላ እንደሚወስድ ይነግራችኋል። የሚቆጣ ካለ ሌላ ይፈለግ።

የውጭ ፎቶ ሰዓት ይህን ይነካል። በግንቦት መጀመሪያ በእስራኤል ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 19:25 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ለፊት ብርሃኑ ለስላሳ ነው። በ13:00 ሜዳ ላይ የሚነሳ የቤተሰብ ፎቶ ግን ዓይን የተጨፈነበት፣ ከቅንድብ በታች ጥቁር ጥላ ያለበት ነው። ለጤናም የከፋው ሰዓት እሱ ነው።

ሽማግሌዎችን እንዴት እናስነሳ?

ጸደይ በዚህ አገር የሻራብ ወቅት ነው። አንድ ቀን ደህና ነፋስ ይነፍሳል፣ በማግስቱ ከበረሃ ሙቀት ይመጣል፤ ሠርግ ደግሞ ቀኑን አይመርጥም። ለደም ግፊት የሽንት ክኒን የሚወስዱ፣ የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች በዚህ ሙቀት ውስጥ ቆመው ምግብና ውኃ ካለፋቸው የሚደርስባቸውን እናውቃለን፤ ማዞር፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት፣ መውደቅ። ሰው በደስታ ቀን ራሱን አያዳምጥም። አያት «ደክሞኛል» ብለው የልጅ ልጃቸውን ፎቶ አያቋርጡም።

ስለዚህ ሽማግሌዎች መጀመሪያ ይነሡ፤ ሙሽሮቹ ዛፍ ሥር ሲሳሳቁ እነሱ ይጠብቁ ማለት ልክ አይደለም። ቢበዛ ሃያ ደቂቃ፣ በጥላ፣ በወንበር ላይ ተቀምጠው። ወንበሩ መደገፊያና የእጅ መያዣ ያለው ይሁን፤ ጉልበት የሚያማቸው ሰው ከፕላስቲክ በርጩማ ላይ ሲነሡ ነው የሚወድቁት። ከቤት ሲወጡ የተለመደውን ምግብና መድኃኒት በተለመደው ሰዓት ይውሰዱ። ኢንሱሊን ተወግቶ ምግቡን «ከፎቶው በኋላ» ማለት አደገኛ ነው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ውኃ፣ ጭማቂና የመድኃኒት ዝርዝር የያዘ ቦርሳ ይዞ አጠገባቸው ይሁን። የላብና የመንቀጥቀጥ ምልክት የታየበት የስኳር ሕመምተኛ፣ ዐዋቂና መዋጥ የሚችል ከሆነ፣ ግማሽ ብርጭቆ ጣፋጭ ጭማቂ ይጠጣ፤ ራሱን ከሳተ ምንም በአፉ ሳይሰጡት ወደ 101 ይደወል።

መስማት የሚከብዳቸው አሉ። ፎቶ አንሺው በዕብራይስጥ «ወደዚህ ይመልከቱ» ብሎ ሲጮህ እሳቸው ወደ ልጃቸው ዞረው «ምን አለ?» ሲሉ ነው የሚነሡት። አንድ የቤት ልጅ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ በአማርኛ ወይም በትግርኛ በስማቸው ይጥራቸው። በዚያ ቅጽበት የሚታየውን ፈገግታ ማንም ባለሙያ በትእዛዝ አያመጣውም።

ስለ ሜዳውም አንድ ቃል። ካላኒዮት አበባ በደቡብ የሚያብበው በክረምቱ መጨረሻ ነው፤ የተጠበቀ አበባ ስለሆነ ለፎቶ ብሎ መቁረጥ ሕግ ይከለክላል። በሚያዝያና በግንቦት የሚቀረው ቢጫ አበባና የደረሰ ስንዴ ነው። ስንዴው የሰው ንብረት ነው፤ ባለቤቱ ይጠየቅ። ረጅም ሣር ውስጥ በክፍት ጫማ አይገባም፤ በዚህ ወቅት እባብ ከክረምት ተኝቶ ይነቃልና። የተነደፈ ሰው ቢኖር እግሩን ማሰር፣ መቁረጥ፣ መምጠጥ የለም፤ ሳይንቀሳቀስ አስቀምጦ 101 መደወል ነው።

ካሜራውን ሥራ ማድረግ ለሚፈልጉ ልጆች

ከላይ ያልነው ልጅ ተወዶለት ጎረቤትም እየጠራው፣ ገንዘብም መቀበል ከጀመረ፣ ነገሩ ሥራ ሆኗል። ከገቢ ግብር፣ ከማዓምና ከቢቱዋሕ ሌኡሚ ፋይል መክፈት አለበት። ገቢው በዓመት ከተወሰነው ጣሪያ በታች ከሆነ (በ2025 120,000 ሼቄል ነበር) ኦሴቅ ፓቱር ሆኖ መመዝገብ ይችላል፤ ማዓም አይሰበስብም፣ ለሚቀበለው ገንዘብ ግን ቀባላ ይሰጣል። ወላጆች «ትንሽ ገንዘብ ናት፣ ማን ያያል» ባትሉ ይሻላል። ቢቱዋሕ ሌኡሚ ወደ ኋላ ቆጥሮ ሲጠይቅ ዕዳው ከካሜራው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ሌላም ጉዳት አለ፤ ያልተመዘገበ ሠራተኛ ከአዳራሽ ደረጃ ወድቆ እጁ ቢሰበር፣ እንደ ሥራ አደጋ ሊቆጠርለት አይችልም።

ለሌላ ፎቶ አንሺ ረዳት ሆኖ መብራት የሚሸከም ልጅ ደግሞ ተቀጣሪ ነው። ዝቅተኛው ደመወዝና የደመወዝ ወረቀት፣ ማለትም ትሉሽ፣ ይገባዋል፤ ትሉሹም እስከሚቀጥለው ወር 9ኛ ቀን ድረስ ሊሰጠው ይገባል። «እየተማርክ ነው» ተብሎ ወቅቱን ሙሉ በነጻ መሥራት ሕጋዊ አይደለም። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ በሌሊት ማሠራትን ሕጉ ይከለክላል፤ ሠርግ ደግሞ እኩለ ሌሊት ያልፋል፤ እናት ይህን ብትጠይቅ ጥጋብ አይደለም።

ከሠርጉ በኋላ

ፎቶ በኢንተርኔት አገናኝ ሲላክ አገናኙ ጊዜው አልፎ ይዘጋል። በደረሰበት ሳምንት ሁሉም ፎቶ ይውረድና በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ አንዱ በሙሽሮቹ ቤት፣ አንዱ በወላጆች ቤት ባለ ዲስክ። አንድ የምናውቀው ቤተሰብ ፎቶው ሁሉ በፎቶ አንሺው አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነበርና ዲስኩ ተበላሽቶ ምንም አልቀረለትም፤ ገንዘቡ በክርክር ተመለሰ፣ ሠርጉ ግን አልተመለሰም። ከመፈረም በፊት «በሠርጉ ዕለት በሁለት ካርድ ላይ ይቀዳሉ ወይ? ቅጂስ የት ያስቀምጣሉ?» ብሎ መጠየቅ ለዚህ ነው።

ፎቶው ካልመጣ መጀመሪያ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ በዋትስአፕም ቢሆን ቀኑ የሚታይ ጽሑፍ ይበቃል፣ የስልክ ጩኸት ግን ማስረጃ አይሆንም። ከዚያ በየከተማው ያለው የሺል የምክር አገልግሎት በነጻ ደብዳቤ ለመጻፍ ይረዳል፤ የእስራኤል የሸማቾች ምክር ቤትም አቤቱታ ይቀበላል። በመጨረሻም የትናንሽ ክሶች ፍርድ ቤት አለ። የክሱ ጣሪያ በየዓመቱ የሚስተካከል ነው፤ ክፍያው ከሚጠየቀው ገንዘብ 1 በመቶ ነው፤ ጠበቃ አያስፈልግም፣ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድም አይገባም። ውሉ፣ ደረሰኙና ጽሑፎቹ ካሉ እናት ራሷ ቀርባ መናገር ትችላለች።

ቤት ለቤት ስንሄድ የቤተሰብን ታሪክ የምናነበው ከማቀዝቀዣው በር ነው፤ የሁሉም ሠርግ ማግኔት እዚያ ተለጥፏል። ማግኔቱ ያስደስታል፤ ነገር ግን በፀሐይ ይደበዝዛል፣ ምስሉም ትንሽ ነው። በሱዳን በኩል በ1984 እና በ1985 የመጡት፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከመጡት ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች መካከል ያሉት፣ ብዙዎቹ ከአገር ቤት አንድም ፎቶ አልያዙም። የልጅነታቸው ፎቶ የለም፣ የሠርጋቸው ፎቶ የለም። በሐዘን ቤት ፎቶ ሲፈለግ ልጆች ስልካቸውን አገላብጠው፣ ከሠርግ ማግኔት ላይ ግማሽ ፊት ቆርጠው ሲያሳድጉ አይተናል። በሚቀጥለው ሠርግ ባለሙያው በተከፈለው ሰዓት ውስጥ አምስት ደቂቃ ለእያንዳንዱ አያት ይሰጥ፤ ለብቻቸው፣ ተቀምጠው፣ በመስኮት ብርሃን አጠገብ። ይህ በውሉ ላይ አንድ መስመር ነው፣ ተጨማሪ ዋጋም አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅበትም።

ያ ፎቶ ሲታተም ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ ይጻፍበት፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል። ሙሉ ስማቸው እስከ አያት፣ የተወለዱበት መንደር፣ ወለቃም ይሁን አምቦበር ወይም ሌላ፣ የሠርጉ ቀን፣ የማን ልጅ ሠርግ እንደነበር። በዕብራይስጥም በአማርኛም ይሁን፤ የልጅ ልጆቹ አንዱን ብቻ ነው የሚያነቡት። ስሙን ሲጽፉ ባለቤቱን ራሳቸውን ጠይቁ።